ላጲስ ይዘሽ አትምጪ

አዲስ ተማሪ ሳስጠና መጀመሪያ የምለው ይሄንን ነው። እስክሪብቶ ይዘሽ ነይ፣ የድሮ ፈተናዎችሽን ሰብስበሽ ነይ፣ ላጲስ ግን ቤት ይቅር። ልጆቹ ግር ይላቸዋል። አንዳንዶቹማ ይደነግጣሉ፤ ምክንያቱም ለዓመታት ሒሳብ ሲማሩ ከሠሩት ይልቅ ያጠፉት ይበልጣል። ተሳሳትኩ ባሉ ቁጥር ወረቀቱ እስኪሳሳ ይፍቃሉ፣ ከጓደኛ ደብተር ትክክለኛውን ይገለብጣሉ፣ ያስረክባሉ። ደብተሩ ንጹሕ ነው። መምህሩም ራይት አድርጎበታል። ፈተና ሲመጣ ግን ያው ስህተት እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል።

እኔ የምፈልገው ያንን የተፋቀውን ነው።

ትክክለኛ መልስ ለአስጠኚ ብዙ አይነግረውም። ልጁ ገብቶት ይሆናል፣ ሸምድዶ ይሆናል፣ ገምቶ ይሆናል፣ ኮርጆም ይሆናል። የተሳሳተ መልስ ግን ይናገራል። ብዙውን ጊዜ ስህተት ዝም ብሎ ከሰማይ ዱብ አይልም፤ ከኋላው ሕግ አለው። ልጁ ራሱ ያወጣው፣ አንዳንዴም መከተሉን እንኳ የማያውቀው ሕግ። የአስጠኚ ዋናው ሥራ ያንን ሕግ ማግኘት ነው፤ ማስረዳቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው፣ እንደውም ሕጉ ከተገኘ ማስረዳቱ ቀላል ነው።

ትንሽ ምሳሌ ልስጥ። አንድ ልጅ 52 − 37 = 25 ብሎ ጻፈ እንበል። «ግድየለሽ ነው» ትላላችሁ። ግን 81 − 46 ስትሰጡት 45 ይላል፣ 63 − 28 ስትሰጡት 45 ይላል። ይሄ ግድየለሽነት አይደለም። ልጁ በየቤቱ ከትልቁ አሃዝ ላይ ትንሹን ይቀንሳል፣ የትኛው ከላይ የትኛው ከታች እንዳለ አያይም። ሕጉን በታማኝነት ነው የሚከተለው! «ተጠንቀቅ እንጂ» ብትሉት በጣም ተጠንቅቆ መልሶ 25 ያመጣላችኋል።

ጆን ሲሊ ብራውን እና ሪቻርድ በርተን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ይሄንኑ ነገር በኮምፒውተር አሳይተዋል። የልጆችን የመቀነስ ስህተት ሰብስበው ሲያዩት ብዙው የተዘበራረቀ ሳይሆን ወጥ አሠራር ያለው ሆኖ አገኙት። ከዚያም ልክ እንደ ልጅ የሚሳሳት ፕሮግራም ሠሩ፤ መምህር ለመሆን የሚማሩ ሰዎች ጥያቄ እየሰጡት የትኛውን የተሳሳተ ሕግ እየተከተለ እንደሆነ እንዲያገኙ ይለማመዱበት ነበር። እኔ ይሄንን ልምምድ ለማንኛውም አስጠኚ ግዴታ ባደርገው ደስ ይለኛል።

ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ በ1973 ስታንሊ ኤርልዋንገር የሚባል ተመራማሪ ቤኒ ብሎ የጠራውን የ12 ዓመት ልጅ ቁጭ አድርጎ አነጋገረው። ቤኒ ተማሪዎች በራሳቸው ፍጥነት እየሠሩ፣ ፈተና እየወሰዱ ወደሚቀጥለው በሚያልፉበት ፕሮግራም ውስጥ ነበር። መምህሩም ጥሩ እየሄደ ነው ብላ ታስብ ነበር። ከዚያ ሲጠየቅ 2/10 ማለት 1.2 ነው አለ። 5/10 ደግሞ 1.5። ላዕሉንና ታህቱን ይደምርና ነጥብ ያደርግበታል። በዚህ አሠራር 4/11ም 11/4ም 1.5 ነው፤ ቤኒም ምንም አልከበደውም። የሚገርመው መሳሳቱ አይደለም። እንዴት አድርገህ ነው የሠራኸው ብሎ የጠየቀው ሰው ባለመኖሩ እያለፈ መሄዱ ነው።

ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። ወላጅ ሲደውል ብዙውን ጊዜ የሚለው «የዘንድሮ ሒሳብ ከብዶታል» ነው። የዘንድሮው መጽሐፍ ይወጣል፣ ምዕራፉ ይገለጣል፣ በሉ ጀምሩ። እኔ ግን መጀመሪያ ቀን የዘንድሮውን መጽሐፍ አልከፍትም። ኳድራቲክ ኢኩዌሽን (ኤክስ² ያለበት እኩልታ) አልገባኝም ያለ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ኳድራቲክ ላይ አይደለም። ሦስትና አራት ክፍል ወደ ኋላ ሂዱ፤ ክፍልፋይ፣ ኔጋቲቭ ቁጥር፣ ቅንፍ፣ የእኩል ምልክት። ከነዚህ አንዱ ጋ የተሰበረ ነገር አለ። የ10ኛ ክፍል ልጅ ፊት 2/3 + 1/4 ማስቀመጥ ትንሽ ያሳፍራል፣ አውቃለሁ፣ ልጁም «ይሄንንማ ትናንሽ ልጆች ናቸው የሚሠሩት» ብሎ ያኮርፋል። ከዚያ 3/7 ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ከሌሎች ጥያቄዎች ጋር ቀላቅዬ፣ ፈተና እንዳይመስል አድርጌ ነው የማስገባው።

አሁን ስለምወደው ስህተት ላውራ። እንዲህ ነው፦

(ሀ + ለ)² = ሀ² + ለ²

ይሄንን ያልጻፈ ተማሪ አላየሁም። መምህር አርሞት፣ መጽሐፍ ነግሮት፣ ትክክለኛውን ቀመር፣ ሀ² + 2ሀለ + ለ²ን፣ በቃሉ ይዞት እንኳ ፈተና ላይ ተመልሶ ይጽፈዋል። ለምን? እስኪ ከልጁ ወገን ሆናችሁ እዩት። 2(ሀ + ለ) ሲባል 2ሀ + 2ለ ነው፣ ሁለቱ ለሁለቱም ይደርሳቸዋል። (ሀለ)² ሲባል ሀ²ለ² ነው፣ ስኩዌሩ ለሁለቱም ይደርሳቸዋል። ታዲያ (ሀ + ለ)² ሲመጣ ስኩዌሩ ለሁለቱም ቢታደል ምን ይገርማል? ልጁ ሞኝ አይደለም፤ ሁለት ቦታ የሠራለትን ነገር ሦስተኛ ቦታ ሞከረ። ይህ ደግሞ የሒሳብ ሰው ጠባይ ነው። ያው በሽታ √(9 + 16) ላይ 3 + 4 = 7 ሆኖ ይመጣል፣ 1/(ሀ + ለ) ላይ 1/ሀ + 1/ለ ሆኖ ይመጣል፣ ቆይቶ ደግሞ ሳይን እና ሎጋሪዝም ላይ ይመጣል። ዘር ማንዘሩ ብዙ ነው።

«ስህተት ነው፣ ሁለት ሀለ ረስተሻል» ማለት አይጠቅምም። ሺህ ጊዜ ተብሏል። እኔ «እሺ፣ ሀን 3 ለን 4 አድርጊው» እላለሁ። በአንዱ መንገድ 7² = 49 ይመጣል፣ በሌላው 9 + 16 = 25። ከዚያ ዝም። ልጅቷ ሁለቱን ቁጥሮች ታያለች፣ እኔን ታያለች፣ እንደገና ቁጥሮቹን ታያለች። የጎደለው 24 የት ሄደ? ከዚያ ጎኑ ሀ + ለ የሆነ ካሬ ትስላለች፣ እኔ አልስልም፣ እሷ ናት የምትስለው፣ ለአራት ትከፍለዋለች፣ ሁለቱ ካሬዎች ቁጭ ብለው ሁለት አራት ማዕዘኖች በጎን ይገኛሉ፣ እያንዳንዳቸው 3 በ4፣ ሁለቱ ሲደመሩ 24። አሁን ሁለት ሀለ ከመምህር የመጣ ትእዛዝ መሆኑ ቀርቶ ወረቀቱ ላይ የሚታይ ቦታ ሆነ። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ቁጥር አስገብቶ ማረጋገጥን መልመዷ ነው፤ እኔ በሌለሁበት፣ ፈተና ክፍል ውስጥ፣ ማንም ሳይነግራት የራሷን ሕግ መፈተን ትችላለች።

የእኩል ምልክት ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ብዙ ልጆች ዘንድ «=» ማለት «መልሱ ይኸው» ማለት ነው። ስለዚህ 3 + 5 = 8 × 2 = 16 − 1 = 15 ብለው በአንድ መስመር ይነዱታል። እንደዚያ ከሆነ 3 + 5 ከ15 ጋር እኩል ነው ማለት ነው። ሮበርት ሬኮርድ በ1557 ይሄንን ምልክት ሲፈጥር ሁለት ትይዩ መስመሮችን የመረጠው ከእነሱ የበለጠ እኩል ነገር የለም ብሎ ነው። ግራና ቀኙ አንድ ነው፣ በቃ። ኢኩዌሽን ላይ ስንደርስ ይሄ ካልገባ ሁሉም ነገር አስማት ይሆናል።

አስማቱ ደግሞ ስም አለው፦ «ማሻገር»። «ወደዚያ ማዶ ስናሻግረው ምልክቱ ይቀየራል።» ይሄን ዓረፍተ ነገር ማን እንደጀመረው ባውቅ አንድ ሁለት ነገር እለው ነበር። 3ኤክስ = 12 ይሰጠዋል። ልጁ ሦስትን ያሻግራል፣ ምልክቱን ይቀይራል፣ ኤክስ = 12 − 3 = 9። የተነገረውን ነው ያደረገው! ሌላው ደግሞ −3ኤክስ = 12 ላይ በ3 ያካፍልና ኤክስ = 4 ይላል፣ ምክንያቱም ማይነሱ «ሲሻገር ፕላስ ሆኗል»። ስለዚህ ከእኔ ጋር ሲሠሩ ማሻገር ክልክል ነው። ከሁለቱም ወገን ምን እያደረጉ እንደሆነ በጽሑፍ ያሰፍራሉ። «ከሁለቱም 5 ቀነስኩ።» «ሁለቱንም በ−3 አካፈልኩ።» ይረዝማል፣ ያማርራሉ፣ «ቲቸር ክፍል ውስጥ እንዲህ አንጽፍም» ይላሉ። ከጊዜ በኋላ ማሳጠር ይፈቀዳል፤ ያን ጊዜ ግን የሚያሳጥሩት ምን እንደሆነ ያውቃሉ።

ኔጋቲቭ ላይ ያለው ዋና ወንጀለኛ ደግሞ «ሁለት ማይነስ ፕላስ ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ሲባዛ። ልጁ ግን −3 − 5 ያይና ሁለት ማይነስ ቆጥሮ 8 ይላል። «ሲባዛ» የሚለው የሕጉ ክፍል መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቷል። ለምን ማይነስ በማይነስ ፕላስ ይሆናል ብላችሁ ብትጠይቁት ደግሞ «እንደዚያ ነው» ነው መልሱ። እኔ ይሄንን እጽፍለታለሁ፦ 3 × (−2) = −6፣ 2 × (−2) = −4፣ 1 × (−2) = −2፣ 0 × (−2) = 0። መልሱ በየደረጃው በ2 እየጨመረ ነው። ቀጣዩስ? (−1) × (−2) ስንት መሆን አለበት? ራሱ 2 ይላል። ማረጋገጫ አይደለም፣ ቢሆንም ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል፣ ቢያንስ ነገሩ የሆነ ሰው ተነሥቶ የደነገገው አለመሆኑን ያያል።

በነገራችን ላይ በኔጋቲቭ ቁጥር ለሚበሳጭ ልጅ የምነግረው አለኝ። ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ በ628 የኔጋቲቭ ቁጥሮችን ሕግ እንደ ሀብትና ዕዳ አድርጎ ጽፎት ነበር። ከሺህ ዓመት በኋላ፣ በ1637፣ ታላቁ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሰው ደካርት ራሱ የአንድ ኢኩዌሽን መልስ ኔጋቲቭ ሲሆን «ሐሰተኛ» ይለው ነበር። ደካርትን ግር ያሰኘ ነገር አንድ ጎረምሳን ለሁለት ሳምንት ግር ቢያሰኝ ምንም አይደለም።

አሁን ወደ አስጠኚው ልምጣ፤ ከተማሪው የበለጠ የሚያስቸግረው እሱ ነውና። ሁለት መጥፎ ልማዶች አሉ። አንደኛው እስክሪብቶውን መንጠቅ። ልጁ ሲያቅማማ እጅህ ይበላሃል፣ «ቆይ ላሳይህ» ትልና ትሠራለህ፣ ቆንጆ አድርገህ፣ መስመር በመስመር። ልጁ ራሱን ይነቀንቃል። አንተ ደስ ይልሃል። ማን ሒሳብ ሠራ? አንተ። ሁለተኛው «ገባህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። በዓለም ላይ ለዚህ ጥያቄ «አይ» ብሎ የመለሰ ልጅ ጥቂት ነው፤ ይሉኝታው አለ፣ ድካሙ አለ፣ በተለይ ደግሞ «አዎ» ካለ ቶሎ ያልቃል። ይልቅ «አሁን እኔ ተማሪ ነኝ፣ አንቺ አስረጂኝ» ስትሉ ነገሩ ይለያል። ስታስረዳ መሐል ላይ ትቆማለች፣ «ቆይ… ለምንድን ነው ግን እዚህ ጋ የምናካፍለው?» ትላለች። ጥያቄው ከእሷ መጣ ማለት ነው። ያን ሰዓት እንደ ምንም ብሎ አፍን መዝጋት ነው። ዝምታው ይረዝማል፣ በጣም ይረዝማል፣ ግን አሥር ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ ሰዓት ይዛችሁ እዩት።

ወላጆችን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። የቤት ሥራ እንዲያልቅ ብቻ አስጠኚ የሚቀጥር ቤት አለ። የቤት ሥራው ያልቃል፣ ውጤቱም ከፍ ይላል፣ ፈተናው ግን እዚያው ነው። ልጁ ፊት «እኔም ሒሳብ አይሆንልኝም ነበር፣ ከኔ ወስዶ ነው» ማለትም ይቅር። ለማጽናናት እንደሚባል አውቃለሁ፣ ልጁ የሚሰማው ግን ሌላ ነው፤ በዘር የመጣ ነገር አስጠኚ ምን ያደርግለታል?

ማስጠናት ራሱ ምን ያህል ይጠቅማል የሚለው ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ አንድ ጥናት አለ። ቤንጃሚን ብሉም በ1984 ባወጣው ጽሑፍ ለብቻው አስጠኚ እያስጠናው የተማረ መካከለኛ ተማሪ በተለመደው ክፍል ከሚማሩት ከ98 በመቶው ይበልጣል ብሎ ነበር። የማስጠኛ ማስታወቂያ ሁሉ የሚወደው ቁጥር ነው። በኋላ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየው ኩርት ቫንሌን በ2011 ያገኘው የጥቅም መጠን ብሉም ካለው ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ቢሆንም ትንሽ የሚባል አይደለም። እኔ ለወላጅ ቃል የምገባው በ2011ዱ ልክ ነው። የአስጠኚ ጥቅም ከመምህሩ የተሻለ ማወቁ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ አያውቅምም። መምህሩ አንድ ክፍል ሙሉ ወረቀት ያርማል፣ ራይትና ኤክስ ከማድረግ በላይ ጊዜ የለውም። አስጠኚው ግን አንድ ወረቀት ይዞ ኤክስ የተደረገችዋን መስመር ግማሽ ሰዓት ማየት ይችላል። ልዩነቱ ይቺው ናት። ይቺን ካልተጠቀመባት ክፍል ውስጥ የተባለውን እንደገና ከመስማት በምን ይለያል?

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፣ ምክንያቱም በዚህ ዓመት ካስጠናሁት ሁሉ የበለጠ ያስደሰተኝ እሱ ነው። የኳድራቲኩን ቀመር እንደ ዳዊት በቃሏ የያዘች ልጅ ነበረች። ከየት እንደመጣ ግን አታውቅም፤ አንድ ምልክት ከተዛባባት መልሳ የምትይዘው ነገር የላትም። ስለዚህ ከሺህ ዓመት በላይ የሆነውን የሒሳብ ሊቁን የአል ኽዋሪዝሚን ምሳሌ ሰጠኋት፦ ኤክስ² + 10ኤክስ = 39። ጎኑ ኤክስ የሆነ ካሬ ሳለች። 10ኤክሱን ለሁለት ከፍላ 5 በኤክስ የሆኑ ሁለት አራት ማዕዘኖች ከጎንና ከታች ለጠፈች። ማዕዘኑ ላይ ጎደሎ ቀረ፣ 5 በ5። «25 ብንጨምርበት ይሞላል!» ሁለቱም ወገን ላይ 25 ጨመረች፣ ማሻገር ክልክል ነዋ፣ 64 ሆነ። ትልቁ ካሬ ጎኑ 8 ነው፣ ስለዚህ ኤክስ 3። የካሬውን ሥዕል ከዚያ ከ(ሀ + ለ)² እንደምታውቀው ራሷ ነች ያስታወሰችው።

ከዚያ በቀመሯ አረጋገጠች። ቀመሩ ሁለት መልስ ሰጣት፣ 3 እና −13። ዝም ብላ ቆየችና «ሰውየው አንዱን ረስቷል» አለች። አልረሳም፣ እሱ የሚሠራው በካሬ ጎን ነው፣ ርዝመቱ −13 የሆነ ጎን ደግሞ የለም አልኳት። አልተዋጠላትም። −13ን አስገብታ 169 − 130 = 39 ብላ ጻፈችና ወረቀቱን ወደኔ ገፋችው። «እና ይሄ ምንድን ነው?» አሁን እየተከራከርን ያለነው እዚህ ላይ ነን፤ ግራፍ እንድትስል ነግሬያታለሁ።